የሕፃናት የሆድ ድርቀትና የችኰላ መድኃኒት ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በዚህ ዓምድ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ፥ ስለ ከተሞች አመሠራረትና ስለ ሩቅ አገር ጉዞ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ግን በእንግዳ ፊት የማይጠቀስ፥ በመጽሐፍ መደርደሪያም ላይ ጎልቶ የማይታይ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን ባለበት ቤት ሁሉ እናትን ከሌሊት እንቅልፏ የሚያስነሣ፥ አባትንም በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ሳለ ልቡን ወደ ቤቱ የሚጎትት ነገር ነው፤ ይኸውም የሕፃናት የሆድ ድርቀት ነው። ለጆሮ ባያምርም ይቅርታ አንጠይቅበትም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ተብሏልና።

ጉዳዩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በራሴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። የመጀመሪያይቱ ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት ጡት ተወች፤ በጡቱም ፈንታ ከጧት እስከ ማታ የላም ወተት በጡጦ ትጠጣ ጀመር። ሆዷ በወተት ስለሚሞላ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞር ነበር። ጥቂት ሳምንት እንደ ቆየ ሆዷ ደረቀ። አንድ ቀን ስትቀመጥ እጅግ አመማት፥ ጥቂት ደምም ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ስሜቱ በመጣባት ቍጥር ከመጋረጃ ኋላ ሄዳ፥ እግሮቿን አጣብቃ፥ ፊቷ ቀልቶ ትቆም ጀመር። እኛም የምታምጥ መስሎን «አይዞሽ፥ ግፊ» እንላት ነበር፤ ለካ ልጅቱ ትታገል የነበረው ለማውጣት ሳይሆን ለመያዝ ኖሯል።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አያቷ የጉሎ ዘይት በማንኪያ እንድንሰጣት መከሩን። አንዲት ጎረቤታችን የሳሙና ቍራጭ አሹለን በመቀመጫዋ እንድናስገባ፥ በየቀኑም ሰዓት ቈጥረን ፖፖ ላይ እንድናስቀምጣት አሳሰቡን። አንድ የሥራ ባልደረባዬም ከባሕር ማዶ የመጣ የሚያረጋጋ ሽሮፕ እንዳለ ነገረኝ። ሦስቱም ምክሮች ከፍቅር የመነጩ ናቸው፤ እኛ ግን ከሦስቱ አንዱንም ሳንፈጽም ልጅቱን ወደ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሟ የነገሩንን በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ። የጉሎ ዘይቱ፥ ሳሙናውና ሽሮፑ ከወዴት መጡ? ለሕፃናትስ ምን አደረጉላቸው? መጻሕፍት ባገላበጥሁ ጊዜ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕፃናትን የጎዳቸው ድርቀቱ ራሱ ሳይሆን ድርቀቱን ለማስለቀቅ የተደረገው ችኰላ ነው። ከዚህ በታች የምትመለከቷቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የግብፅ ጥቅልልና የሮም ማር

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ በግብፅ አገር የተጻፈ፥ ዛሬ የኤበርስ ፓፒሩስ ተብሎ የሚጠራ የሕክምና ጥቅልል አለ። በውስጡ ሆድን የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች በብዛት ተመዝግበዋል፤ ከእነርሱም አንዱ በአገራችን በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎ ነው። የግሪክ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ስለ ግብፃውያን ሲጽፍ፥ በየወሩ ሦስት ቀን በተከታታይ ሆዳቸውን በመድኃኒት ያጥቡ እንደ ነበር ገልጿል፤ በሽታ ሁሉ ከሚበላው ምግብ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበርና። የእኛ አባቶች በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበረው ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ለማውጣት ነው፤ የታወቀ ጠላት ነበራቸው። ግብፃውያን ግን ያጥቡ የነበረው ጤነኛውንም ሆድ ነው። «በሆድ ውስጥ የቆየ ነገር መርዝ ይሆናል» የሚለው አሳብ ከዚያን ዘመን ጀምሮ በሰው ልብ ውስጥ ሥር ሰድዶ ኖረ።

ወደ ሕፃናት ስንመለስ፥ በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮም ከተማ ይሠራ የነበረው የኤፌሶኑ ተወላጅ ሶራኑስ የተባለው ሐኪም ስለ እናቶችና ስለ አራስ ሕፃናት የታወቀ መጽሐፍ ጽፏል። ብዙው ምክሩ አስተዋይነት ያለበት ነው። ነገር ግን አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያ ማር እንዲልስ፥ የእናቱንም የመጀመሪያ ወተት እንዳይጠባ መከረ፤ እንገሩ ወፍራምና ለመፈጨት አስቸጋሪ መስሎት ነበር። ይህ አሳብ በአውሮፓ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ።

ከዚህ የተከተለውን ልብ በሉ። ማንኛውም ሕፃን ሲወለድ በአንጀቱ ውስጥ እንደ ሬንጅ የጠቈረና የተጣበቀ ዐይነ ምድር ይዞ ይወለዳል። እንገሩን የሚጠባ ሕፃን ይህን በጥቂት ቀን ውስጥ ያስወግደዋል፤ እንገር በተፈጥሮው ሆድን የሚያለዝብ ነውና። እንገር የተከለከለው ሕፃን ግን ሆዱ ስላልጸዳ፥ አዋላጆች የጉሎ ዘይት፥ የሩባርብ ሽሮፕ፥ ቅቤና ስኳር ያስውጡት ጀመር። ተፈጥሮ ያዘጋጀችው መድኃኒት ተደፍቶ፥ በፋንታው ሰው የፈጠረው ተሰጠ ማለት ነው።

ይህን ስሕተት ጮክ ብሎ ከተናገሩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካዶጋን ነው። ካዶጋን በ1748 በለንደን ስለነበረው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የእናት የመጀመሪያ ወተት ራሱ የሕፃኑን ሆድ እንደሚያጸዳና ከእርሱ የተሻለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንደሌለ አስረዳ፤ ሕፃናቱም ሳይዘገይ ጡት እንዲሰጣቸው መከረ።

ስለ ሌላ አገር ስንናገር የራሳችንን እንዳንረሳ። በአገራችንም በብዙ ስፍራ ለአራስ ሕፃን ከጡት በፊት ቅቤ ማላስ፥ እንገሩንም አልቦ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ማርን በተመለከተ ደግሞ በ1976 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሕፃናት ቦቱሊዝም የተባለ በሽታ ታወቀ። ይህም በዐይን የማይታይ ተሕዋስ ዘር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ በቅሎ፥ ጅማትን የሚያላላ መርዝ የሚያፈልቅበት በሽታ ነው። ዘሩ በማር ውስጥ ሊገኝ መቻሉ ከዚያ በኋላ ስለ ተረጋገጠ፥ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንዳይሰጥ ሐኪሞች አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። የበሽታውም የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት ነው። እንግዲህ ሆድ እንዲያለዝብ ተብሎ የተላሰ ማር፥ ሆድን የሚያደርቅ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ጣዕም የሌለው ዱቄትና የሚያስተኛ ሽሮፕ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሕፃናት መድኃኒት ከአዋላጆች እጅ ወጥቶ ወደ ፋብሪካና ወደ መደብር ገባ። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ከተስፋፉት መድኃኒቶች አንዱ ካሎሜል ነው። ካሎሜል ከባዜቃ፥ ማለት ከሜርኩሪ፥ የሚሠራ ነጭ ዱቄት ሲሆን ሆድን በኀይል ያስቀምጣል። የማይመርር ስለሆነ ሕፃናት ሳይተፉ ይውጡታል፤ ይህም መልካምነቱ ሆኖ ይነገርለት ነበር። ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት በሚሸጠው ዱቄት ውስጥ እየተጨመረ ለድርቀት፥ ለትኵሳትና ለልቅሶ ሁሉ ይሰጥ ነበር።

ከዘመን በኋላ ሐኪሞች ምክንያቱን ያላወቁት አንድ በሽታ ታየ። የሕፃናቱ እጅና እግር እንደ ጽጌረዳ ቀላ፥ ቈዳቸውም ተላጠ፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፥ ብርሃን ያሳምማቸዋል፥ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ይላሉ፤ ቀን ከሌሊት ያለቅሳሉ። ከእነርሱም ብዙዎች ሞቱ። በ1914 አንድ የአውስትራሊያ ሐኪም ስለ በሽታው በዝርዝር አስረዳ፤ ነገር ግን ምንጩ ሳይታወቅ ቆየ። አንዳንዱ የምግብ ጉድለት ነው አለ፤ ሌላው ተላላፊ ነው አለ።

ምስጢሩን የፈቱት በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆሴፍ ዋርካኒ ናቸው። የታመሙትን ልጆች ሽንት ባስመረመሩ ጊዜ ባዜቃ አገኙበት፤ ውጤቱንም በ1948 በታወቀው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አወጡ። እናቶች ለፈውስ የገዙት ዱቄት ራሱ መርዝ ኖሯል። በ1950ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የእንግሊዝ ባለፋብሪካዎች ባዜቃውን ከዱቄቱ ውስጥ አወጡ፤ በሽታውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሆስፒታሎች ጠፋ ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የመደብር ዕቃ የሚያስተኛው ሽሮፕ ነው። በአሜሪካ በሜን ግዛት በ1849 ለገበያ የወጣው የወይዘሮ ዊንስሎው ማረጋጊያ ሽሮፕ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ነበር። በጠርሙሱ ውስጥ ሞርፊንና አልኮል ነበረበት። ሞርፊን የሚገኘው ከኦፒየም ሲሆን፥ ሕመምን እንደሚያደነዝዝ ሁሉ የአንጀትንም እንቅስቃሴ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሆድን ያደርቃል። ነገሩ እንዴት እንደ ተጠላለፈ እንመልከት። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሽሮፑ ይሰጠዋል፤ ሽሮፑ አንጀቱን ያደርቀዋል፤ የደረቀውን ለማስለቀቅ ካሎሜል ይሰጠዋል፤ ካሎሜሉ ሆዱን ይቈርጠዋል፤ ሲቈርጠው ያለቅሳል፤ ለልቅሶው ደግሞ ሽሮፑ ይጨመርለታል። ብዙ ሕፃናትም በእንቅልፋቸው እንዳሉ አልነቁም።

እናቶቹን ለመውቀስ አንቸኵል። በጠርሙሱ ላይ ምን እንደያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም፤ ማስታወቂያው ግን በያዘችው ሕፃን ላይ ፈገግ የምትል እናት ሥዕል ነበረበት። ነገሩን መለወጥ የጀመረው በ1906 የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ነው። ሕጉ ሽሮፑን አልከለከለም፤ ሞርፊንና አልኮል ያለበት መድኃኒት ሁሉ በላዩ ላይ እንዲጻፍበት ብቻ አዘዘ። በ1911 ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ይህንኑ ሽሮፕ ሕፃናትን ከሚገድሉት መድኃኒቶች ተራ መደበው። እኛ ደንብ የምናረቅ፥ ደብዳቤ የምንጽፍና ማኅተም የምንመታ ሰዎች ሥራችን አንዳንድ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይሰማናል። በጠርሙስ ላይ እንዲጻፍ የታዘዘ አንድ መስመር ግን አንዲት እናት የምትገዛውን አውቃ እንድትገዛ አድርጓታል።

ሰዓትና ፖፖ

ሦስተኛው ስሕተት የመጣው ከአላዋቂዎች ሳይሆን ከሊቃውንት ነው። በ1887 በፓሪስ ሻርል ቡሻር የተባለ ታላቅ ሐኪም፥ በአንጀት ውስጥ የቆየ ዐይነ ምድር መርዝ እያፈለቀ ሰውነትን ሁሉ ይመርዛል የሚል ትምህርት በመጽሐፍ አወጣ። ልብ ብለን ብናየው ይህ ትምህርት ግብፃውያን ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ያሉት ነው። በለንደንም አርበትኖት ሌን የተባለ ስመ ጥር ቀዳጅ ሐኪም በዚሁ ትምህርት ተመርቶ ድርቀት ያለባቸውን ሰዎች ሆድ እየከፈተ ትልቁን አንጀት ያወጣ ነበር።

በ1919 አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር አልቫሬዝ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። ድርቀት ያለበት ሰው እንደ ተቀመጠ ወዲያው ራስ ምታቱና ድካሙ ይለቀዋል፤ ሕመሙ በደም ውስጥ ከገባ መርዝ ቢሆን ኖሮ በአንድ አፍታ እንዴት ይለቅ ነበር? እንግዲያስ ስሜቱ የሚመጣው ከመርዝ ሳይሆን ከአንጀቱ መወጠር ነው። ማስረጃው ጥሩ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ቶሎ ከሰው ልብ አልወጣም።

ይህ ፍርሃት በሕፃናት ላይ የወደቀው በሰዓት መልክ ነው። በኒው ዮርክ የታወቁት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ኤመት ሆልት በ1894 ባሳተሙት የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ፥ ሕፃን በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲቀመጥ በሁለተኛው ወሩ ሊለምድ እንደሚችል ጻፉ። የአሜሪካ መንግሥት ከ1914 ጀምሮ ለእናቶች ያሳተመው መጽሐፍም በኋለኞቹ እትሞቹ ይህንኑ አጠንክሮ፥ ሕፃኑ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት በፖፖ ላይ እንዲያዝና ካስፈለገም የሳሙና ቍራጭ በመቀመጫው እንዲገባ መከረ። የጎረቤታችን ሳሙና እንግዲህ ከዚህ ዘመን መጻሕፍት ጋር ዝምድና አለው።

ክቡራን አንባብያን፥ ሰዓት አክብሮ መግባትና መውጣት፥ የመግቢያ ፊርማም መፈረም ለእኛ ተገቢ ነው። የሁለት ወር ሕፃን አንጀት ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። ዐይነ ምድሩን አውቆ የሚይዝበትና የሚለቅበት ኀይል ገና አልጸናም። ከፍ ያለውም ልጅ ቢሆን በግድ ሲቀመጥና ሲገሠጽ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መያዝ ነው። የተያዘው ዐይነ ምድር በአንጀት ውስጥ ሲቆይ ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሲወጣ ያሳምማል፤ ያሳመመውን ልጅ ደግሞ ሕመሙን ፈርቶ ይይዛል። የድርቀት ዋና ክበብ ይህ ነው፤ ልጄ ከመጋረጃ ኋላ ትቆም የነበረውም በዚህ ክበብ ውስጥ ገብታ ነው።

በ1962 የቦስተን ከተማው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቤሪ ብራዝልተን የ1,170 ልጆችን መዝገብ መርምረው አዲስ ምክር አቀረቡ። ፖፖ ማስለመድ ከአሥራ ስምንት ወር በፊት እንዳይጀመር፥ የሚጀመረውም ልጁ በአካሉና በስሜቱ ዝግጁ መሆኑ ሲታይ ብቻ እንዲሆን፥ ልጁ እንቢ ካለም እንዲተውለት መከሩ። በዚህ ዐይነት ያደጉት ልጆች በአማካይ በ28 ወር ተኩል ገደማ ቀን ቀን ራሳቸውን ቻሉ። ትዕግሥት ሲዘገይ ቢታይም ያለ ግድ ደረሰ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉትም አባቶች ይህንኑ ነው።

የጡጦ ወተት

የድርቀት መንሥኤ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ምግብም ትልቅ ድርሻ አለው። የስዊዘርላንድ ነዋሪ የነበረው ሄንሪ ኔስሌ በ1867 ከወተት፥ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር የተሠራ የሕፃናት ምግብ ለገበያ አወጣ፤ በዚያው ዘመን የጀርመኑ የኬሚስትሪ ሊቅ ሊቢሕም የራሱን አዘጋጅቶ ነበር። ለእናት አልባ ሕፃናት ይህ ታላቅ በረከት ነበር፤ ዛሬም ጡት ማጥባት ላልቻለች እናት የዱቄት ወተት አስፈላጊ ነው። ነገር ግን በጡጦ የሚያድገው ሕፃን ዐይነ ምድር ጡት ከሚጠባው ይልቅ ጠንከር ይላል። የእናት ወተት የአንጀትን ይዘት የሚያለዝቡ ልዩ ልዩ ስኳሮች አሉት። በአንዳንድ የዱቄት ወተት ውስጥ ያለው ስብ ደግሞ በአንጀት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ እንደ ሳሙና ያለ ጠጣር ነገር ይሠራል። ዱቄቱ ከታዘዘው በላይ ሲወፍር ነገሩ ይብሳል።

የላም ወተትም እንዲሁ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ዋና መጠጥ እንዲሆን አይመከርም፤ ዓመት የሞላውም ልጅ ቀኑን ሙሉ ወተት ብቻ ሲጠጣ አሰር ላለው ምግብ በሆዱ ቦታ አይተርፍም። በ1998 በጣልያን አገር በፓሌርሞ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች፥ ሥር የሰደደ ድርቀት ያለባቸውን 65 ልጆች ከላም ወተት አውጥተው የአኵሪ አተር ወተት ሰጧቸው፤ ከእነርሱም 44ቱ ተሻላቸው። ይህ ማለት ድርቀት ሁሉ ከላም ወተት ይመጣል ማለት አይደለም፤ በሌላ መድኃኒት እንቢ ያለ ድርቀት ግን ምንጩ በጡጦው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

የኮፐንሀገኑ ሐኪም ያየው

እስካሁን የነገርኋችሁ «አትቸኵሉ» የሚል ነው። ታሪክ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም አለመቸኰል ማለት ችላ ማለት እንዳልሆነ ነው።

በ1886 በዴንማርክ በኮፐንሀገን ከተማ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ሐራልድ ሂርሽፕሩንግ በበርሊን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ስለ ሁለት ሕፃናት ነገራቸው። ሁለቱም ከተወለዱ ጀምሮ ሆዳቸው የደረቀና እንደ ከበሮ የተነፋ ነበር፤ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ሬሳቸው ሲመረመር ትልቁ አንጀታቸው ከመጠን በላይ ሰፍቶና ተለጥጦ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ቀዳጆች በሽታው የሰፋው አንጀት ላይ ያለ መስሏቸው የሰፋውን ክፍል እየቈረጡ ያወጡ ነበር፤ በሽታው ግን ይመለሳል። እውነቱ ሌላ ነበር። የሰፋው አንጀት ጤነኛ ነው፤ የታመመው ከእርሱ በታች ያለው፥ ጠባብና ደህና መስሎ የሚታየው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል አንጀትን የሚያንቀሳቅሱት የነርቭ ሕዋሳት ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ስለዚህ ዐይነ ምድሩ ከዚያ ላይ እንደ ተዘጋ በር ይቆማል፤ ከበላይ ያለው አንጀትም ሲገፋ ኖሮ ይሰፋል። በ1948 በቦስተን የሚሠሩት ዶክተር ኦርቫር ስዌንሰን ጠባቡን ክፍል አውጥተው ጤነኛውን አንጀት ወደ ፊንጢጣ ባገናኙት ጊዜ ልጆቹ ዳኑ።

ይህ በሽታ የሚገኘው ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ሕፃን የጉሎ ዘይትም ሆነ ሳሙና አያድነውም፤ ጊዜውን ያባክንበታል እንጂ። የሚያድነው የሚያስተውል ዐይን ነው። ጤነኛ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በተወለደ በ24 ሰዓት፥ ቢዘገይም በ48 ሰዓት ውስጥ ያን ጥቁር ዐይነ ምድር ያወጣል። ያላወጣ ሕፃን ሳይውል ሳያድር በሐኪም ሊታይ ይገባዋል።

ለዛሬው ቤታችን

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን የሚሆነውን እንሰብስብ።

አንደኛ፥ ድርቀት የሚለካው በቀን ቍጥር ብቻ አይደለም። ጡት የሚጠባ ሕፃን በቀን ብዙ ጊዜ ሊቀመጥ፥ ወይም ጥቂት ቀናት ዘሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ የወጣው ለስላሳ ከሆነና ሕፃኑ ደህና እየጠባ ካደገ ድርቀት አይባልም። ትንሽ ሕፃን ፊቱ ቀልቶ አልቅሶ ለስላሳ ካወጣም ማማጥን ገና እየተማረ ነውና በዕድገቱ ይተወዋል። ድርቀት የሚባለው ዐይነ ምድሩ ሲጠነክርና ሲያሳምም ነው።

ሁለተኛ፥ ነገሩ የሚጀምርባቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው፤ ከጡት ወደ ጡጦ ሲሻገር፥ ምግብ ሲጀምር፥ ፖፖ ሲለምድና ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ። በእነዚህ ጊዜያት ዐይናችንን እንክፈት። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል፤ ውሃም ቅቤም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ለዕድሜው እንደሚስማማ እያለዘብን ምስሩን፥ ሽሮውን፥ ጎመኑን፥ ፓፓያውንና ብርቱካኑን እናቅርብለት። በገበያችን የማይጠፉ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛ፥ ከፍ ያለ ልጅ ሱሪውን በቀጭኑ ቢያበላሽ ተቅማጥ ወይም ስንፍና ነው ብለን አንቈጣ። ብዙ ጊዜ ከደረቀው ጎን እየሾለከ የሚወጣ ነው፤ ልጁም ሲወጣ አይታወቀውም። ሊመታ ሳይሆን ሊታከም ይገባዋል።

አራተኛ፥ አረንጓዴ ትውከት፥ የተነፋ ሆድ፥ ትኵሳት፥ ከዐይነ ምድር ጋር የሚወጣ ደም፥ የክብደት መቀነስ፥ ወይም ሕፃኑ መጥባት አቅቶት ሰውነቱ መላላት ከታየ ጎረቤት ማማከር ቀርቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ነገር ልመለስ። ሐኪሟ በጥሞና ከሰሙን በኋላ ሆዷን ዳሰሱ፤ ከዚያም ወተቱን በቀን ወደ ሁለት ኩባያ እንድናወርደው፥ ጡጦውንም እንድንተወው አዘዙ። ዐይነ ምድሩን በውሃ የሚያለዝብ መድኃኒትም ሰጡን፤ ሕመሙን እስክትረሳ ድረስ ለወራት መቀጠል እንዳለበት፥ ተሻላት ብለን ቶሎ እንዳናቋርጠው አስጠነቀቁን። ፖፖውንም ለጊዜው ከቤት እንድናስወግደው ነገሩን። እኔም የመጨረሻው ትእዛዝ ገረመኝ፤ መድኃኒት ይጨመራል ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ተቀነሰ።

ሦስት ወር ያህል ፈጀ። አያቷ የጉሎ ዘይቱን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ላይ አላወረዱትም፤ «ይቆይ፥ ምናልባት» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ጧት ግን ልጅቱ ከመጋረጃው ኋላ መሄዷን ትታ ወደ እናቷ መጥታ እጇን ያዘች። የተቀረው ታሪክ በጋዜጣ የሚጻፍ አይደለም፤ አያቷ ግን እልል አሉ።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። ዛሬ የተነጋገርንበትም ያው የፍቅር ክፍል ነው። ፍቅር ግን የሚቸኵል እጅ ብቻ ሳይሆን የሚያስተውል ዐይንም ያስፈልገዋል።